ክትባቱ ጥቂት ሲሆን ማን ይቅደም?

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የመጀመሪያው የኮቪድ ክትባት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ያህል ነበር፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ ለጥቂቱ ብቻ የሚበቃ። የጤና ባለሙያዎች ቀደሙ፤ አረጋውያንና ነባር ሕመም ያለባቸው ተከተሉ።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወጣቱ ከገበያ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ለሞት ይበልጥ የሚጋለጡት ግን አብረውት የሚኖሩት አያቱ ናቸው። ኢንዶኔዢያ ከ18 እስከ 59 ዓመት ያሉትን አስቀድማ ነበር። ይሁንና ክትባቱ መተላለፍን ምን ያህል እንደሚገታ ያን ጊዜ ገና አልተረጋገጠም፤ ከጽኑ ሕመም እንደሚጠብቅ ግን ታውቆ ነበር። ስለዚህ አያትን ማስቀደም ትክክል ነበር እላለሁ። «ሽማግሌማ ዕድሜ ጠግቧል» ለሚል ካቴኪስቶች ይህን ያስረዱ።

በ2003 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ ወደ እኛም በደረሰው የማጅራት ገትር ክትባት ግን ተራው ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት ነበር፤ ያ በሽታ ይበልጥ የሚያጠቃው ልጆችንና ወጣቶችን ነውና።