ፊደልን በሥዕል፣ በግጥምና በጨዋታ ማስተማር
(ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለወላጆች)

አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ሲወርደው ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ እንግዳውም ይመርቀዋል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዲቱን «ሾ» በጣታችሁ አመልክታችሁ «ይህች ማን ናት?» ብትሉት፣ ሕፃኑ ከመጀመሪያይቱ «ሀ» ተነሥቶ በሹክሹክታ እየዘመረ ወደ እርስዋ ሲገሰግስ ታገኙታላችሁ። ፊደሉን በጆሮው ይዞታል እንጂ በዐይኑ ገና አላወቀውም።

አባቶቻችን ይህን ችግር አሳምረው ያውቁት ነበር። በንባብ ቤት «ሀሁ» ከተጠና በኋላ «አቡጊዳ» የሚከተለውም ስለዚህ ነው። በ«አቡጊዳ» ፊደላቱ የለመዱትን ረድፍ ትተው፣ አንዱ በግዕዝ፣ ተከታዩ በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እየሆኑ በሰያፍ ይሄዳሉ፤ በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ተማሪው ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ እንዲያነብ መደረጉም ጆሮን ከዐይን ጋር ለማስታረቅ ነበር። ይሁን እንጂ ጊዜ ሲቆይ «አቡጊዳ»ም ራሱ ዜማ ሆነና ልጆች እርሱንም በቃላቸው መውረድ ጀመሩ። መድኃኒቱ በሽታውን ተላመደው ማለት ነው።

ጉዳዩ የአንድ መንደር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34ቱ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ሕፃናት ትምህርት ቤት ያልሄዱ አይደሉም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ፊት ተቀምጠዋል። በዋግ ኽምራ ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከዚያም በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰ። ፊደል መቁጠሪያ ዕድሜያቸው በዚያ ዘመን ያለፈባቸው ልጆች ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ መደብ ሲቀመጡ የሚሰማቸውን ኀፍረት ያየ ሰው፣ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ መነጋገር ቅንጦት ነው አይልም።

ለሕፃናት ሥዕልን ከቃል ጋር አስተባብሮ ማቅረብ የቆየ ጥበብ ነው። የሞራቪያው ሊቅ ኮሜንየስ በ1658 እ.ኤ.አ. ለልጆች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ዓለምን በሥዕል እያሳየ፣ ከሥዕሉ ሥር የእያንዳንዱን ነገር ስም ጻፈ። ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከከፈተች በኋላ፣ ፊደላትን ከሻካራ ወረቀት ቆርጣ ሕፃናቱ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያውቋቸው አድርጋለች። በአገራችንም አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ከአርባ ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። ከመስከረም 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተዘጋጀው የቀጭኔዋ የ«ፀሐይ» ዝግጅት በአሻንጉሊትና በዘፈን ማስተማርን አሳይቷል። ሆኖም ቴሌቪዥን መብራት ይፈልጋል። መጽሐፍ ግን የቀን ብርሃን ይበቃዋል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ አካባቢ እንዳደረጉትም በአህያ ጀርባ ተጭኖ ይጓዛል። ዮሐንስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ ሰው ናቸው። የአስከተማና የሰቆጣ አቀበት ለአህያ አዲስ እንዳልሆነ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሥዕላዊ መጽሐፍ ለምን በግጥም ይሆናል? ብዙዎች ግጥም ልጅን ለማስደሰት ብቻ የሚጨመር ማጣፈጫ ይመስላቸዋል። ለአማርኛ ግን ከዚያ ያለፈ ምክንያት አለው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት የያዘ ነው፤ የእኛ ግጥምም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው። ለምሳሌ፦

ሰማዩን ሸፈነው ደመና፣
ገብሳችን አልታጨደም ገና።

ሕፃኑ ይህን ሲሰማ ሁለቱ ስንኞች «ና» ላይ እንደሚያርፉ ጆሮው ይነግረዋል፤ መጽሐፉን ሲያይ ደግሞ በሁለቱም መስመር መጨረሻ ያችኑ አንዲቱን «ና» ያገኛል። ጆሮና ዐይን በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። «ደመና» እና «ገና» ፊደላቸው በብዛት የተለያየ ሆኖ ሳለ መጨረሻቸው አንድ መሆኑን ማስተዋል፣ ቃል ከፊደላት የተሠራ መሆኑን የማወቅ መጀመሪያ ነው። በቃላት መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ሳድስ ሲሆን ከእርሱ በፊት ያለው ፊደል አናባቢ ያግዘዋል፤ ይህንን ግን ለሕፃኑ ማብራራት አያስፈልግም፤ ጆሮው ያውቀዋል።

ከባሕር ማዶ የመጡ ጥሩ ጥሩ የሕፃናት መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ ደርቀው የሚቀሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕሉ ይሻገራል፤ ታሪኩም ይሻገራል፤ ቤት መምቻው ግን በድንበር ላይ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በቋንቋው ውስጥ እንደ አዲስ መገጠም አለበት እንጂ ሊተረጎም አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ብርቱ ጉዳይ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል፤ በዋግ ኽምራም ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በኽምጣንጋ ነው። ኽምጣንጋ ከአውኚ፣ ከብሊንና ከቅማንትኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ቤተ ሰብ ሲሆን፣ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሉት። በወጣትነቴ በአንድ የዋግ መንደር ለሕፃናት የአማርኛ ግጥም አስተምሬ ነበር። ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ ያለ አንዲት ስሕተት ወረዱልኝ፤ እኔም እጅግ ኰራሁ። በሦስተኛው ቀን ግጥሙ ስለ ምን እንደሚናገር በከሰል እንዲሥሉ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ «ንብ» በሚለው ቦታ ዶሮ ሣለች፤ ሌሎቹ ባዶ ወረቀታቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ ብቻ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ስሕተቱ የእነርሱ እንዳልነበረ ለመረዳት ግን ብዙ ዘመን ፈጀብኝ።

ስለዚህ የሕፃኑ የቤት ቋንቋ ኽምጣንጋ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ግጥምና የመጀመሪያው መጽሐፍ በኽምጣንጋ ይሁን። መምህሩ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ እናቶችና ታላላቅ እኅቶች ያውቃሉ። በነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ለሻደይ የሚወጡት ልጃገረዶች ግጥም ለመግጠም ከማንም ፈቃድ አይጠይቁም፤ ለታናናሾቻቸው አሥር ስንኝ እንዲገጥሙ ቢለመኑ በአንድ ምሽት ይጨርሱታል። ከላይ ያነሣኋቸው ዘመን ያለፈባቸው ታላላቅ ልጆችም ሥዕሉን ይሣሉ። የመጽሐፉ አዘጋጅ የሆነ ልጅ ከሕፃናት ጋር መቀመጡ አያሳፍረውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተጣለ ካርቶን በእኩል መጠን ቆርጦ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ገጽ ማድረግ፣ በወስፌ ቀድቶ በጆንያ ክር መስፋት ይበቃል። ለቀለም ከሰል፣ ቀይ አፈርና እርድ አለ፤ ማጣበቂያውም ከዱቄት ይቀቀላል። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሥዕልና አንድ ስንኝ ብቻ ይሁን፤ ፊደሉ ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ እንዲታይ ጎላ ብሎ ይጻፍ። ሥዕሉ ልጁ የሚያውቀውን ያሳይ፦ በግ፣ የንብ ቀፎ፣ አውድማ፣ የድንጋይ ቤት። ባቡርና መርከብ ኋላ ይደርሳሉ።

አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መምህሩ የሁለተኛውን ስንኝ የመጨረሻ ቃል ሳይናገር ያቁምና ለልጆቹ ይተውላቸው። እነሆ፦

ግልገሏ ጠፋች፣ ወዴት ሄደች?

እዚህ ላይ ገጹ አይገለጥም። ልጆቹ ይገምቱ፤ «ከወንዝ!» «ከገደል!» ይበሉ። ከዚያ ገጹ ሲገለጥ፦

ከድንጋዩ ጥላ ሥር ተኝታ...

«ተገኘች!» የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይጮኹበታል፤ መምህሩም በዚያች ቅጽበት ጣቱን በቃሉ ላይ ያሳርፋል። የትምህርቱ ፍሬ ያለው በዚህች ቅጽበት ነው። ቃሉን የተናገሩት እነርሱ ስለሆኑ፣ በጣቱ የሚያመለክተው ጽሑፍ የራሳቸው ድምፅ መልክ ይሆንላቸዋል። መጽሐፉን ፈጥኖ ለመጨረስ የሚቸኩል መምህር ይህን ሁሉ ያጣዋል። አንዱን መጽሐፍ በሳምንት አምስት ጊዜ ማንበብ አምስት መጻሕፍት አንድ አንድ ጊዜ ከማንበብ ይሻላል፤ ሕፃናት በተደጋገመ ነገር እንደኛ አይሰለቹም።

ጨዋታውንም ከሩቅ መፈለግ የለብንም። ልጆች መሬት ላይ መስመር አስምረው በአንድ እግር የሚዘሉበት «ሰኞ ማክሰኞ» ሰባት ቤት ተደርጎ ቢሠመር፣ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስ፣ ለሳድስና ለሳብዕ ልክ ይሆናል። ልጁ ጠጠሩን ጥሎ ያረፈበትን ፊደል ስም ይጠራል፤ ጠጠር ደግሞ በተራ አይወድቅምና ከ«ሀ» ጀምሮ መዘመር እዚህ አያዋጣም። አባቶች በ«አቡጊዳ» የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በጭቃ ከብት የሚሠሩ እጆችም «በ»ን እና «ጠ»ን ይሠራሉ፤ በሠሩትም ጊዜ አንዱ ሁለት እግር ሌላው ሦስት እግር እንዳለው አይረሱም። በእንቆቅልሽም ጊዜ መልሱ ከተዘረጉት ሥዕሎች መካከል ይፈለግ፤ ያልመለሰ ልጅ እንደ ወጉ አገር ይስጥ፤ የሰጠውንም አገር ስም መምህሩ በመሬት ላይ ይጻፍለት። ሰቆጣንም ሮምንም የሚሰጡ አሉ።

መምህራን ሆይ፣ በእነዚህ ጨዋታዎች ተሸናፊውን ከመሳቂያነት ጠብቁት፤ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሕፃን በቀጣዩ ቀን አፉን አይከፍትም። ስለ ዘርና ስለ ጠፋችው በግ የሚነገሩት የወንጌል ምሳሌዎችም በዚሁ መንገድ በሥዕል ሊቀርቡ ይችላሉ፤ የዋግ ልጅ የጠፋች በግ መፈለግን ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል።

መጽሐፉ ሲያልቅ በቁምስናው ሣጥን ውስጥ አይቆለፍ። ልጆቹ በየተራ ለአንድ አንድ ሌሊት ወደ ቤታቸው ይውሰዱት። ይቀደዳል፤ ወጥም ይፈስበታል፤ በዱቄት ሙጫ ይጠገናል። ሕፃኑ ማንበብ ለማታውቅ አያቱ ሲያነብላት እርስዋ ስንኙን ሰምታ «ይህ ቤት አልመታም፣ እንዲህ በለው እንጂ» ብላ ብታርመው፣ መምህሩ በማግሥቱ የእርስዋን ቃል ከገጹ ጥግ ይጻፍበት።