ተሻጋሪና የማይሻገር ግሥ፦ የአትክልትን ተባይና በሽታ ለይቶ ስለ መግለጽ

ባለፈው ትምህርት ተሻጋሪ ግሥ ተሳቢን የሚሻ፣ የማይሻገር ግሥ ግን በባለቤቱ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ተመልክታችኋል። አሁን ይህ ልዩነት ከደብተር ወጥቶ በእርሻ ላይ ምን እንደሚሠራ እናያለን። ምሳሌውን የምናመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከሞጣና ከቢቸና ደጋ ነው።

አንድ የሞጣ ተማሪ ስለ አባቱ ማሳ ለግብርና ባለሙያው እንዲህ የሚል ማስታወሻ ጻፈ እንበል፦

«ድንቻችን ተበላሽቷል። ቅጠሉም ጥሩ አይደለም። መድኃኒት ይላክልን።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ይሁን እንጂ ባለሙያው ከእርሱ የሚረዳው አንዳች ነገር አይኖርም። «ተበላሸ» የሚለው ግሥ ትል የቆረጠውንም፣ ሻጋታ ያደረቀውንም፣ ባክቴሪያ ያጠወለገውንም በአንድ ስልቻ ይከታል። ለትል የሚረጨው መድኃኒት ሻጋታን አያጠፋም፤ ለሻጋታ የሚረጨውም ባክቴሪያን አይገታም። አንድ ግሥ በቸልታ ስለ ተመረጠ የቤተሰቡ ገንዘብና የክረምቱ ድካም ከንቱ ይቀራል።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሀ) የጎመኑ ችግኝ ከሥሩ ተቆረጠ።
ለ) የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ ደረቀ።
ሐ) የቲማቲሙ ተክል ገና አረንጓዴ ሳለ ጠወለገ።

«ተቆረጠ» ተደራጊ ግሥ ነው። ተደራጊ ግሥ ባለበት ሁሉ አድራጊው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ማን ቆረጠው? በማለዳ ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ የተኛ ቆራጭ ትል ታገኙ ይሆናል። ቀን ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ያላወቀበት ሰው የጎረቤቱን ዶሮ ሲከስ ይኖራል። ቅጠሉ ተበላ፣ ፍሬው ተበሳ፣ ግንዱ ተቦረቦረ ስንልም ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ተባይ ነው።

«ደረቀ» እና «ጠወለገ» ግን የማይሻገሩ ናቸው። ነገሩ በራሱ የሆነ ስለሚያስመስሉ ያታልላሉ። በመነሻቸው «አ»ን ብንጨምር አደረቀ፣ አጠወለገ ይሆኑና «ምን አደረቀው? ምን አጠወለገው?» ብለን ለመጠየቅ እንችላለን። «አጠውልግ» እና «ሥር አበስብስ» የሚባሉት የበሽታ ስሞች የተገኙት ከዚሁ እርባታ መሆኑን ልብ በሉ፤ ስሙ ራሱ አድራጊውን ይዟል።

ወደ ምሳሌ ለ እንመለስ። ቅጠሉን ጠዋት ገልብጣችሁ ስታዩ በጠቆረው ዳር ነጭ፣ ጥጥ መሰል ሻጋታ ካለ ያደረቀው የድንች ምች ነው። ሰውን ምች መታው ሲባል የምትታማው ፀሐይ ናት፤ የድንቹ ምች ግን ደመናን፣ ካፊያንና ቅዝቃዜን ይወድዳል። ዘሩ በነፋስ ይበራል፤ አየሩ ከተመቸው ማሳውን በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ የገባው ይኸው በሽታ ባስከተለው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ድንች ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ አማካይነት ወደ አገራችን መግባቱ የሚነገረው ከዚያ 13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ነው።

ማንኮዜብ የተባለው መድኃኒት ጤነኛውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አይፈውስም። ስለዚህ «ሲደርቅ እረጫለሁ» የሚል ገበሬና «ሳይደርቅ እረጫለሁ» የሚል ገበሬ በንግግራቸው የሚለያዩት በአፍራሹ ብቻ ቢሆንም በምርት ጊዜ የሚለያዩት በኩንታል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መትከል ይሻላል። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዝርያ «በለጠ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ የኀላፊ ጊዜ ግሥ ነው።

የምሳሌ ሐ ነገር ከዚህ ይከፋል። ከጠወለገው ግንድ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብታንጠለጥሉትና ወተት የመሰለ ክር እየተመዘዘ ሲወርድ ብታዩ፣ ያጠወለገው ባክቴሪያ ነው። ለዚህ የሚረጭ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ተክሉን ነቅሎ ማስወገድ፣ መቆፈሪያውን ማጠብ፣ በማሳው ላይም ለጥቂት ዓመታት ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ማፈራረቅ ያስፈልጋል፤ ጤፍ የለመደው የቢቸና ገበሬ በዚህ አይቸገርም። በሽታው ድንችንም ይይዛል። ከታመመ ማሳ የወጣ ድንች መልኩ አምሮ ገበያ ላይ ለዘር ቢሸጥ፣ በሽታው የገዢውን መሬት ይወርሳል።

የተማሪው ማስታወሻ ታርሞ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«የድንቻችን ቅጠል ከሐምሌ 12 ቀን ጀምሮ ከዳሩ እየጠቆረ ይደርቃል። ጠዋት ገልብጠን ስናየው በጀርባው ነጭ ሻጋታ አለበት። የተበላ ቅጠል የለም፤ ትልም አላገኘንም። ግንዱን ቆርጠን ውሃ ውስጥ ብናንጠለጥለው ክር አልወጣውም። ካፊያው አምስት ቀን አላባራም።»

ይህ ማስታወሻ «መድኃኒት ይላክልን» አይልም፤ ባለሙያው ግን የትኛውን ይዞ መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

መልመጃ

1. «ቲማቲሙ መድኃኒት ተረጭቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ አድራጊ ለውጡ። ማን፣ ምን፣ በየትኛው ቀን እንደ ረጨ ጨምሩ። በመድኃኒቱ መያዣ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ 7 ቀን መቆየት እንዳለበት ቢጻፍና ቲማቲሙ በ3ኛው ቀን ገበያ ቢወጣ፣ ለገዢው የጎደለው የትኛው ቃል እንደ ሆነ አስረዱ።

2. ሻገተ፣ በሰበሰ፣ ረገፈ፣ ቀጨጨ የሚሉትን ግሦች በ«አ» አርቡ። በየአንዳንዳቸውም «ምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. በቤታችሁ ጓሮ ወይም በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ የታመመ ተክል ፈልጉ። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየተመለከታችሁ፣ «ተበላሸ» የሚለውን ግሥ ሳትጠቀሙ አንድ አንቀጽ ጻፉ።