ሜይን የጦር መርከብ ለምን ሰጠመች?

ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898 ማታ በሀቫና ወደብ እንደቆመች ፈንድታ ሰጠመች። ከ250 በላይ ባሕርተኞች አለቁ። ኩባ ያን ጊዜ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ብዙ አሜሪካውያን ጣታቸውን የቀሰሩት በስፔን ላይ ነው። ለመሆኑ ማስረጃው ምን ይላል?

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርማሪዎች በዚያው ዓመት የመርከቧ የታችኛው ብረት ወደ ላይ መታጠፉን አይተው መርከቧን የመታት ከውጭ የተጠመደ ፈንጂ ነው አሉ። ማን እንዳጠመደው ግን አልተናገሩም። ስፔኖች ደግሞ ፈንጂ ቢሆን ኖሮ ውሃው ወደ ላይ ይወረወር፣ የሞቱ ዓሦችም ይታዩ ነበር ብለው ተከራከሩ። ማን ይስማቸው! በኤፕሪል ወር ጦርነቱ ተጀመረ።

በ1911 ስብርባሪው እንደገና ሲመረመር ሁለተኛው የአሜሪካ ቦርድም ፍንዳታው ከውጭ ነው አለ። በ1976 የታተመው የአድሚራል ሪኮቨር ጥናት ግን ወደ ውስጥ አመለከተ። በመርከብ ውስጥ የተከማቸ የድንጋይ ከሰል ከአየር ጋር ተገናኝቶ ቀስ በቀስ ይግልና በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የሜይን ከሰል ክፍል ከጥይትና ባሩድ ክፍሉ የሚለየው በብረት ግድግዳ ብቻ ስለነበር ሙቀቱ አልፎ ባሩዱን አቀጣጥሎት ይሆናል። ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

እንግዲህ ምን ፈነዳ፣ ለምን ፈነዳ፣ ማን አደረገው የሚሉት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በ1898 ብዙዎች ሦስተኛውን የመለሱት ሁለተኛው ሳይመለስ ነው። የታሪክ ተማሪም ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።