ስፔክትሮግራፉን በቀን ግጠመው

ልጄ፣ ስፔክትሮግራፍ ይዘህ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ልትመጣ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። እንጦጦ ላይ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመረቁ ስፔክትሮግራፍም አብሮ ነበር፤ የኮከብን ብርሃን በትኖ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚግል ለማንበብ። ያንተው ትንሽ ነው፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እንግዲህ ስማኝ።

1. የቀኑን ሥራ ለሌሊት አታሳድር። ከጥቅምት እስከ ጥር የመንዝ ሰማይ ጥርት ይላል፤ ውርጩም አብሮ ይመጣል። የመንዙ የጓሳ ሣር ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጣትህ ደንዝዞ የጣልኸውን ብሎን ከዚያ ሣር ውስጥ ሳይነጋ አታገኘውም።

2. መጀመሪያ ስፔክትሮግራፉን ከቴሌስኮፑ ለይተህ ጠረጴዛ ላይ አስተካክለው። ከፊቱ ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት አምፖል አብራ፤ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ በ546.1 ናኖ ሜትር አረንጓዴ፣ በ435.8 ሐምራዊ መስመር ይሰጥሃል። በ577.0 እና በ579.1 ደግሞ ሁለት ቢጫ መስመሮች አሉ። መሣሪያህ የሚለያቸው ከሆነ እነሱ እስኪለዩ ድረስ የካሜራውን ፎከስ አጥራ። ከዚያ ካሜራውን አዙረህ መስመሮቹን ቀጥ አድርገህ አቁማቸው፤ ሰማያዊው በግራ፣ ቀዩ በቀኝ ይሁን። ቀጥለህ ወደ ቀን ሰማይ መልሰው። ወደ ፀሐይዋ ራሷ ግን አደራ! የሰማዩ ብርሃን የፀሐይ ስለሆነ የሶዲየምን ሁለት ጥቁር መስመሮች 589 አካባቢ፣ የሃይድሮጂኑን 656.3 ላይ ታያለህ። ካየሃቸው ብሎኑን አጥብቅና የካሜራውን ፎከስ ዳግመኛ አትንካው።

3. ቴሌስኮፑ ላይ ስትገጥመው በብሎን ይታሰር፤ ተሰክቶ ብቻ የሚቆም ነገር ይላላል። ጭነት አንድ ጎን እንደከበዳት አህያ እንዳያዘነብል ክብደቱን እንደገና አመዛዝን። ገመዶቹንም እሰራቸው።

4. የቴሌስኮፑ መመሪያ በሰሜን ኮከብ አስተካክል ይልሃል። እኛ ዘንድ ሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ናት፤ አንድ ጉብታ ይበቃታል። ሰሜኑ የተገለጠ ቦታ ምረጥ።

5. ሌሊት የምታስተካክለው የቴሌስኮፑን ፎከስ ብቻ ነው፤ ኮከቡ የስፔክትሮግራፉ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ነጥብ ሆኖ ይረፍ። ምስሉ ሲደበዝዝ ጀማሪ ሁሉ እጁ ወደ ካሜራው ይሄዳል፤ አንተ ግን ወደ ቴሌስኮፑ ሂድ። በሲሪየስ ጀምር፣ የሃይድሮጂን መስመሮቹ ወፍራም ስለሆኑ አይጠፉህም። ቀጥለህ ቤተልጌዝን ያዝ፤ ቀዝቀዝ ያለ ኮከብ ስለሆነ የቲታኒየም ኦክሳይድ ሰፋፊ ጥቁር ሰንበሮች አሉት። ጅራታም ኮከብ ከመጣ ደግሞ 516 ናኖ ሜትር አካባቢ የካርቦኑን አረንጓዴ ፈልግ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ አዩት የሚባለውን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ፤ ያኔ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢኖር ክርክሩ ባልቆየን።

6. ከምክሬ አንዱን ብቻ ትይዝ እንደሆነ ይህን ያዝ፦ ከእያንዳንዱ ኮከብ በፊትም በኋላም የመለኪያ መብራቱን፣ ማለትም የዚያኑ አምፖል ምስል አንሳ። ቴሌስኮፑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዞር ብረቱ በመጠኑ ይጎብጣል፣ ብርዱም ያኮማትረዋል፤ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ የ656.3ቱን መስመር ቢበዛ 0.066 ናኖ ሜትር ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። መሣሪያህ ያን ያህል ከተንሸራተተ የኮከቡን ፍጥነት ለካሁ ብለህ የብረቱን መጉበጥ ታወራለህ። ሰነፍ ሰው መብራቱን ማታ አንዴ ያነሳና ይተኛል፤ እንደዚያ ከሆነ ኮከቡንም ባያነሳው ይሻለው ነበር።

7. ባትሪ ብርድ አይወድም፤ በባና ጠቅልለው።

8. ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር መዝግብ። የእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት በዚያ 19፡00 ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት ሳይመሽ አስተካክለህ፣ በፋይሉ ስም ላይ የኮከቡንና የመብራቱን ምስል ለይተህ ጻፍ።