ከወረርሽኝ ሕመም በኋላ የእንቅስቃሴ አቅምን መመለስ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ድርሻ

በኮቪድ-19 ምክንያት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሰነበተ ሰው ከሆስፒታል መውጣቱ ሕክምናው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያመነምናል፤ ሚዛንንም ያናጋል። ከወንበር መነሣት ወይም ደረጃ መውጣት አድካሚ ይሆናል። ይህን አቅም ለመመለስ የሚረዳው የተሐድሶ ሕክምና ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉበት የጤና ሁኔታ አላቸው።

ልኬት ለምን ያስፈልጋል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተገቢውን እንቅስቃሴ ለማዘዝ ድካሙ የት እንዳለና በምን ያህል እንደተሻሻለ ማወቅ አለበት። ጥልቅ ልኬት ሲካሄድ የቆየው ብዙ ካሜራዎችና የእግርን ግፊት የሚለኩ ወለሎች ባሏቸው ቤተ ሙከራዎች ነው። እነዚህ ውድና ጥቂት ናቸው፤ በወረርሽኝ ወቅት ደግሞ ሕመምተኛው ከቤት መውጣት ላይችል ይችላል።

ምርምሩ ምን አሳየ?

በአሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት 405 ሰዎች ከወንበር አምስት ጊዜ ሲነሡና ሲቀመጡ በየቤታቸው በስልክ ተቀረጹ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቱ ከምስሉ ላይ ትከሻን፣ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን እየለየ የወሰደውን ጊዜና የደረትን ማዘንበል አሰላ። ሲነሡ ደረታቸውን ይበልጥ ወደፊት የሚያዘነብሉ ሰዎች የመገጣጠሚያ ብግነት የተገኘባቸው የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በሰዓት ብቻ የማይታይ ልዩነት በስልክ ምስል ሊለካ መቻሉ የጥናቱ ቁም ነገር ነው።

የምርምሩ ወሰን

ሥርዓቱ የሚያውቀው የተማረበትን ምስል ነው። ደብዛዛ ብርሃን እንዲሁም መገጣጠሚያን የሚሸፍን ሰፊ ቀሚስ ወይም ጋቢ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል። ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት ከወንበር ከመነሣት የበለጠ ጉልበት ስለሚጠይቅ ውጤቶቹን እኩል ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ በአገራችን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአገራችን ሰዎች አለባበስና አኗኗር ሊፈተሽ ይገባል። የተቀረጸው ምስል የሰውን ፊትና ቤት ስለሚያሳይ ተሳታፊው ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ሊነገረውና ፈቃዱን ሊሰጥ ይገባል።

በቤት ውስጥ ክትትል

ከሕመም እያገገመ ያለ ሰው ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከፈቀደለት ያለ ልዩ መሣሪያ አቅሙን መከታተል ይችላል፦

• ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ ማስቀመጥ፤ አንድ የቤተሰብ አባል አጠገቡ እንዲቆም ማድረግ፤
• እጆችን ደረት ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መነሣትና መቀመጥ፤ እጅ ሳይደገፉ መነሣት ካልተቻለ አለመሞከርና ይህንኑ ለባለሙያው መንገር፤
• የወሰደውን ጊዜ ከነቀኑ በደብተር መመዝገብ፤ በቀጣዩ ጊዜም በዚያው ወንበር መለካት፤
• ውጤትን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራስ የቀድሞ ውጤት ጋር ማነጻጸር።

የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማዞር ስሜት ከተከሰተ ወዲያውኑ ማቆምና በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በማግስቱ ወይም በቀጣዮቹ ቀናት ድካሙ ከበረታ ደግሞ ሰውነት ከአቅሙ በላይ እንደሠራ ስለሚያመለክት ዕረፍት ማድረግና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ስልክም ሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልኬት ያቀርባል እንጂ ሕክምና አያዝም። የተመዘገበውን ደብተር በክትትል ቀጠሮ ይዞ መቅረብ ባለሙያው እንቅስቃሴውን ለመጨመርም ሆነ ለመቀነስ እንዲወስን ይረዳዋል።