አክሲዮን ምንድን ነው?
ስለ አክሲዮን ገበያ ቃላት ለጀማሪዎች የቀረበ አጭር ትምህርት

እንደሚታወቀው በአገራችን የአክሲዮን ነገር የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጠቅላላ ድርሻው 10 በመቶውን፣ ማለት 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ሲሆን፣ ግዢው በእጅ ስልክ የሚፈጸም ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ገዝተዋል። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተመረቀ።

ታዲያ ጡረተኛውም፣ አስተማሪውም፣ ባለሱቁም «እንግዛ ወይስ ይቅርብን?» እያለ መጠየቁ አይቀርም። የሚጠይቀው ማንን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ፊደል የቆጠረውን ልጅ ነው። ወረቀቱ ይመጣና «እስቲ አንብብልንና ንገረን» እንባላለን። በዚያች ሰዓት የምንናገረው ቃል ወላጆቻችን ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያተርፍ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። የሕግ ተማሪም ሆነ የታሪክ፣ የቋንቋም ሆነ የሳይንስ፣ ይህ ኃላፊነት በሁላችንም ላይ የሚወድቅ ነው። እኛ ይህን የምንጽፈው የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ በኢኮኖሚክስ ሊቅነት አንመካም። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹን ቃላት አጥንተን በቀላል አማርኛ ለጓደኞቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

1ኛ/ አክሲዮንና ባለአክሲዮን

አንድ የዳቦ ፋብሪካ ለማቋቋም 1,000,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ካልተገኘ፣ ካፒታሉ በ1,000 እኩል ክፍሎች ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል በ1,000 ብር ይሸጣል። ያ እኩል ክፍል አክሲዮን፣ የገዛው ሰው ባለአክሲዮን፣ ድርጅቱም አክሲዮን ማኅበር ይባላል። አምስት አክሲዮን የገዛ ሰው ከፋብሪካው ከሺህ አምስት እጅ ባለቤት ነው ማለት ነው።

ባለቤትነቱ ሦስት መብት ያስገኝለታል። በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፤ ከትርፉ ይካፈላል፤ የማኅበሩን የሒሳብ መግለጫ ያያል። ማኅበሩ በዕዳ ቢወድቅ የሚያጣው ያዋጣውን ገንዘብ ነው እንጂ፣ አበዳሪዎች ቤቱንና በሬውን ሊወስዱበት አይችሉም። ይህ የኃላፊነት መወሰን ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ይህን አስፍሮ ነበር፤ ዛሬም ደንቡ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው አክሲዮንን እንደ ዕቁብ ወይም እንደ ባንክ ቁጠባ ይቆጥረዋል። ዕቁብተኛ ያዋጣውን ያህል በተራው ይወስዳል፤ ቆጣቢም ገንዘቡን ከነወለዱ ይጠይቃል። ባለአክሲዮን ግን ማኅበሩን «ገንዘቤን መልስልኝ» ሊለው አይችልም፤ ባለቤት ነውና። ሌላው ቃል ሁሉ የሚመዘነው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

2ኛ/ የተፈረመና የተከፈለ ካፒታል

አንድ ሰው አሥር አክሲዮን እወስዳለሁ ብሎ ሲፈርም ሁሉንም ወዲያው ላይከፍል ይችላል። በፊርማ ቃል የተገባው ጠቅላላ ገንዘብ የተፈረመ ካፒታል፣ በእጅ የገባው ደግሞ የተከፈለ ካፒታል ይባላል። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ «የተከፈለው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጎተራ የሚሞላው በገባ እህል እንጂ በተስፋ እህል አይደለም።

3ኛ/ የተጻፈ ዋጋና የገበያ ዋጋ

በዳቦ ፋብሪካው አክሲዮን ላይ የሰፈረው 1,000 ብር የተጻፈ ዋጋ ነው፤ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም አይለዋወጥም። የገበያ ዋጋ ግን ሻጭና ገዢ ዛሬ የተስማሙበት ነው። ፋብሪካው አትራፊ ቢሆንና ነገም የበለጠ ያተርፋል ተብሎ ቢታሰብ፣ ገዢው ያንኑ አክሲዮን በ1,400 ብር ሊገዛው ይችላል። የዱቄት ዋጋ ንሮ ትርፉ ቢቀንስ ደግሞ በ800 ብርም ገዢ ሊታጣ ይችላል። ስለዚህ የገበያ ዋጋ የሰዎችን ግምት ያሳያል፤ ግምት ደግሞ ይሳሳታል።

4ኛ/ የትርፍ ድርሻ

ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ካተረፈው ላይ ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ወይም ዲቪደንድ ይባላል። ፋብሪካው 150,000 ብር አተረፈ እንበል። ጠቅላላ ጉባኤው 50,000 ብሩ ለአዲስ ምድጃ ይቀመጥ፣ 100,000 ብሩ ይከፋፈል ብሎ ቢወስን፣ ለአንድ አክሲዮን 100 ብር ይደርሰዋል። አክሲዮኑን በ1,000 ብር ለገዛው ይህ 10 በመቶ ነው፤ በ1,400 ብር ለገዛው ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ማኅበሩ አንድ፣ ትርፉም አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ጥቅም ተለያየ፤ ምክንያቱ የገዙበት ዋጋ ነው። እንግዲህ ጥሩ ማኅበር ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ በስንት እንደሚገዙትም ማወቅ ያሻል።

ደግሞም የትርፍ ድርሻ ቃል ኪዳን አይደለም። ትርፍ ከሌለ የሚከፋፈል የለም። ቢኖርም ዓመታዊው የኑሮ ውድነት 15 በመቶ ቢሆን 10 በመቶ ያገኘ ሰው የገንዘቡ አቅም እንደቀነሰበት መረዳት አለበት።

5ኛ/ ቦንድ

ቦንድ የብድር ሰነድ ነው። የሚገዛው ሰው አበዳሪ እንጂ ባለቤት አይሆንም፤ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ወለዱና የሚመለስበት ቀን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በ2003 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሥራ ሲጀመር በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን የገዙት ቦንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አንድ ማኅበር ሲፈርስ አስቀድሞ የሚከፈላቸው አበዳሪዎች ናቸው፤ ባለአክሲዮኖች የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። ባለአክሲዮን በደጉ ጊዜ ብዙ ሊያገኝ የሚችለው በክፉው ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚቆም ነው።

6ኛ/ አንደኛና ሁለተኛ ገበያ

ማኅበሩ ራሱ አዲስ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ አንደኛ ገበያ ይባላል፤ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ይገባል። ባለአክሲዮኑ የያዘውን ለሌላ ሰው ሲሸጥ ደግሞ ሁለተኛ ገበያ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሻጩ ኪስ ይገባል፤ ማኅበሩ አይነካውም።

ሁለተኛው ገበያ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ1602 የተቋቋመው የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ ነበር። ገዢዎቹ በፈለጉ ጊዜ ገንዘባቸውን ከኩባንያው ማውጣት ባለመቻላቸው፣ በአምስተርዳም ከተማ ድርሻቸውን እርስ በርስ ይሻሻጡ ጀመር። የአክሲዮን ገበያ ከዚህ አደገ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ገበያው ለባለአክሲዮን መውጫ በር ነው።

በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያይበት ሥርዓት ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮቹና ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ሲወረሱ ግን ተቋረጠ። በኋላ የግል ባንኮች እንደገና ሲቋቋሙ ብዙ ሕዝብ አክሲዮን ገዛ፤ ነገር ግን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢ የሚፈልገው በዘመድና በወዳጅ በኩል ነበር። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ሆኖ ኖረ። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመውና ለአዲሱ ገበያ መንገድ የከፈተው ለዚህ ነው። በገበያው መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የሰፈረው ወጋገን ባንክ ነው። በገበያው ለመገበያየት ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ባገኘ ደላላ በኩል ማለፍ ይገባል።

ሆኖም መውጫ በር መኖሩ በፈለጉት ዋጋ መውጣት ማለት አይደለም። ገዢ የሌለ ቀን በሩ ይጠባል። አክሲዮንን ፈጥኖ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ መቻልን የሚገልጸው ቃል ሊኩዊዲቲ ይባላል፤ በአዲስ ገበያ ይህ ጉዳይ ትልቅ ትኩረት ይሻል።

7ኛ/ በብድር መግዛት

በኒው ዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ብዙ ሰዎች ከዋጋው ጥቂቱን ከራሳቸው፣ ቀሪውን በብድር እየከፈሉ አክሲዮን ይገዙ ነበር። 100 ብር የራሱ፣ 900 ብር የተበደረው ይዞ የ1,000 ብር አክሲዮን የገዛ ሰው፣ ዋጋው 10 በመቶ ብቻ ቢወርድ የራሱ ገንዘብ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ዳው ጆንስ የተባለው የዋጋ መለኪያ በሴፕቴምበር 1929 381 ደርሶ የነበረው በጁላይ 1932 ወደ 41 ወረደ። ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰው በ1954፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚያ ግን ብዙዎች የሚለቅሙትም አላገኙም።

ወረቀቱ በእጃችን ሲገባ

አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ማኅበር የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባል ጽሑፍ ያወጣል። ይህንን ስናነብ ለወላጆቻችን የሚከተሉትን ጥያቄዎች መመለስ አለብን፦

ሀ/ መግለጫው በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመዝግቧልን?
ለ/ ማኅበሩ ሥራ ጀምሯል ወይስ ገና በሐሳብ ላይ ነው?
ሐ/ ያለፉት ዓመታት ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ተመርምሯልን? ትርፉስ ስንት ነበር?
መ/ የሚሸጥበት ዋጋ ከተጻፈው ዋጋ ምን ያህል ይበልጣል? ለምን?
ሠ/ ገንዘቡ ቢፈለግ ለማን፣ እንዴት ይሸጣል?
ረ/ ይህ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ባይመለስ፣ ወይም ፈጽሞ ቢጠፋ፣ ቤተ ሰቡ ይቸገራልን?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነ ሌሎቹ መልሶች የቱንም ያህል ቢያምሩ መግዛቱ አይመከርም። ለእህት ትምህርት ወይም ለሕክምና የተቀመጠ ገንዘብ ቦታው ሌላ ነው። «ያለ ምንም ስጋት በየወሩ ይህን ያህል ትርፍ እንከፍላለን» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ከላይ የተማርነውን እናስታውስ፤ ባለቤትነት የተረጋገጠ ትርፍ የለውም፤ የተረጋገጠ ነው የሚለን ሰው የሚሸጥልን አክሲዮን አይደለም።

ይህን ስንል ሕዝቡ ከአክሲዮን ይሽሽ ማለታችን አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የብዙዎች ጥቂት ጥቂት ብር ተሰብስቦ ፋብሪካና ባንክ ሊያቆም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ድሩን የሚያዋጣው ሰው ምን እንደፈረመ ማወቅ ይገባዋል። የተማርነውም ስለ እኛ ብቻ ብለን አይደለምና፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ እነዚህን ጥቂት ቃላት ይዘን ብንሄድ፣ ለጎረቤትም ብናስረዳ፣ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ሠራን ማለት ነው።