የቆየውን ድረ ገጽ ሳያፈርሱ ማደስ

ጥያቄ፦ ነቀምቴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተረክቤያለሁ። የፒኤችፒ ኮዱና ኤችቲኤምኤሉ አንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቀዋል። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ ልጻፈው?

መልስ፦ አይጻፉት። የቆየው ኮድ ዛሬም ሰው እያገለገለ ነው። ብዙ ሰው የሚከፍተውን አንድ ገጽ፣ ለምሳሌ የማስታወቂያውን፣ ይምረጡ። ከዳታቤዝ መረጃ የሚያመጣውን ኮድ ሁሉ ወደ ፋይሉ አናት ይሰብስቡ፤ ከታች ማሳያው ብቻ ይቅር። ገጹ እንደ ቀድሞው መሥራቱን ካዩ በኋላ የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ወደ ቴምፕሌት ፋይል ይውሰዱት።

ይህ አሠራር እርስዎን ይበልጥ የሚጠቅምዎ ቋንቋው ላይ ነው። በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ሁዻ የምትጻፍበት ምልክት (') ፒኤችፒ ውስጥ የነጠላ ጥቅስ መዝጊያም ናት። በነጠላ ጥቅስ በታጠረ የአፋን ኦሮሞ ዐረፍተ ነገር መካከል ስትገባ ፒኤችፒ ጽሑፉ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል፤ ገጹም ስህተት አውጥቶ ይቆማል። በቴምፕሌቱ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ግን ተራ ፊደል ናት፤ አስተርጓሚውም ኮድ ሳይነካ ማረም ይችላል። ትዊግ የተባለውን የፒኤችፒ ቴምፕሌት መሣሪያ ከመረጡ ደግሞ ከዳታቤዝ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ የተደበቀ ጎጂ ኮድ እንዳይሠራ በራሱ ይከላከላል።

ፒኤችፒ 7 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የድሮዎቹን የማይኤስኪውኤል ትእዛዞች አስወግዷል፤ ካገኟቸው ፒዲኦ በተባለው የፒኤችፒ የዳታቤዝ ማገናኛ ይተኳቸው። ከሁሉ በፊት ግን የፋይሎቹንና የዳታቤዙን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።